ለዛሬ ዋጋ የከርሞ አሳማ፦ የቻይና የሥጋ ገበያ ለምን አይረጋም?

በሴፕቴምበር 2019 ናኒንግ በምትባል የደቡብ ቻይና ከተማ አንድ ማስታወቂያ ወጣ። በተመረጡ ገበያዎች የአሳማ ሥጋ በቅናሽ ይሸጣል፤ አንድ ሰው ግን ከ1 ኪሎ በላይ መውሰድ አይችልም የሚል ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ነገሩን እንግዳ የሚያደርገው አገሪቱ ቻይና መሆኗ ነው። በዓለም ከሚመረተው የአሳማ ሥጋ ግማሽ ያህሉን የምታመርተው እሷ ናት። የምትበላውም እሷው።

ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ2021 መጸው፣ የዚያው አገር አርቢ አሳማውን ካወጣበት ወጪ በታች ሲሸጥ ታየ። ሥጋው ተትረፍርፎ ነበር።

አንድ ምግብ በሁለት ዓመት ውስጥ ከራሽን ወደ ትርፍ እንዴት ይገለበጣል? ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ይኸው ጥያቄ ነው። አብዛኞቻችን አሳማ በማይገባበት ቤት ያደግን ነን፤ ይገባኛል። ግን ሽንኩርት አንድ ሰሞን እሳት ሆኖ በሌላው ሰሞን ማሳ ላይ ሲበሰብስ ያየ ሰው የዚህን ታሪክ ግማሹን ያውቀዋል። ሌላው ግማሽ በአሳማ ላይ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል።

መጀመሪያ ነገሩ ለቻይናውያን ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ልንገራችሁ። በቻይንኛ “ቤት” ወይም “ቤተሰብ” ተብሎ ሲጻፍ ላይኛው ክፍል ጣሪያ ነው፤ ከጣሪያው ሥር ያለው ምልክት አሳማ ነው። በ2018 የአሳማ ወረርሽኝ ከመግባቱ በፊት አገሪቱ በዓመት ወደ 700 ሚሊዮን የሚጠጋ አሳማ ታርድ ነበር፤ 54 ሚሊዮን ቶን ያህል ሥጋ ማለት ነው። ዋጋው ሲጨምር ጭማሪው በየቤቱ ድስት ውስጥ ይታያል። ስለዚህ ጉዳዩ ቤጂንግ ባለው ካቢኔም ይመከርበታል።

አሁን ወደ ሥሩ እንውረድ። ሥሩ ጊዜ ነው።

እናት አሳማ የምታረግዘው 114 ቀን ነው። አርቢዎች 3 ወር ከ3 ሳምንት ከ3 ቀን ብለው ይይዙታል። ግልገሉ ከተወለደ በኋላ ደልቦ ለእርድ እስኪደርስ 6 ወር ያህል ይፈልጋል። ዛሬ ያረገዘች አሳማ ሥጋ ሆና ሚዛን ላይ የምትወጣው፣ ማለትም ልጆቿ የሚወጡት፣ ከ10 ወር በኋላ ነው። አርቢው እናቶቹን ማብዛት ከፈለገ ደግሞ መንገዱ ይረዝማል። ሴቷ ግልገል አድጋ ለመጀመሪያ ጊዜ እስክትጠቃ 8 ወር ገደማ ይሆናታል። ስምንቱን፣ አራቱንና ስድስቱን ደምሩት። ዓመት ተኩል ነው።

ዋጋ የሚናገረው ስለ ዛሬ ነው። አርቢው የሚያመርተው ግን ለከርሞ ነው።

ሄናን በሚባለው የመካከለኛው ቻይና ክፍለ ሀገር 10 እናት አሳማዎች ያሉትን አንድ ገበሬ በዓይነ ሕሊናችሁ አምጡት። ጉረኖው ከቤቱ ጀርባ ነው። ዋጋ ጥሩ የሆነ ዕለት ደላላው ስልክ ይደውልለታል፤ በማግሥቱ ራሱ ይመጣል። ገበሬው ያስባል። “ዋጋው እንዲህ ከሆነ ለምን 15 እናት አይኖረኝም?” ይላል። ለእርድ ሊሸጣቸው ካደለባቸው ሴቶች አምስቱን መርጦ ያስቀራል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ብዙ ሰው የሚስተው ቦታ ይህ ነው። ገበሬው ሥጋ ሊያበዛ አስቦ ያደረገው ነገር ዛሬ ገበያ ላይ ያለውን ሥጋ ቀነሰው። አምስት አሳማ ቄራ መግባት ሲገባው ጉረኖ ቀረ። እንደሱ ያሰቡ ሚሊዮኖች ናቸው። ሁሉም ሴቶቹን ሲያስቀር እርዱ ይቀንሳል፤ ዋጋው ጭራሽ ይሰቀላል። ዋጋው ሲሰቀል ያላመነው ጎረቤትም ያምንና ይገባበታል።

ከዓመት ከምናምን በኋላ የእነዚያ ሁሉ እናቶች ልጆች ባንድ ጊዜ ገበያ ይወጣሉ። ዋጋው ይወድቃል። ገበሬው መኖ መግዛት ያቅተዋል፤ እናቶቹን ራሳቸውን ለቄራ ይሸጣል። አሁንም ያው ጉድ ነው፣ በተቃራኒው። እናቶቹ ሲታረዱ ሥጋው ይበዛል፤ በወደቀ ዋጋ ላይ ሌላ ውድቀት ይጨመርበታል። እናቶቹ ካለቁ በኋላ ደግሞ እጥረቱ ይጀምራል።

ቻይናውያን ይህን “የአሳማ ዑደት” ይሉታል። አንድ ዙር በአብዛኛው ከ3 እስከ 4 ዓመት ይፈጃል። የቻይና ብቻም አይደለም። በ1920ዎቹ መጨረሻ አርተር ሃናው የተባለ ጀርመናዊ ምሁር የአገሩን የአሳማ ዋጋ አጥንቶ ያንኑ መመላለስ አሳይቷል። ዛሬም ጀርመኖች በሌላ ሙያ የሰው እጥረትና ትርፍ ሲፈራረቅ “የአሳማ ዑደት” ይላሉ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ማንም አልሰነፈም፤ ማንም አላጭበረበረም። እያንዳንዱ ገበሬ ከፊቱ ያለውን ዋጋ አይቶ ለቤተሰቡ የሚበጀውን ነው ያደረገው። “ገበሬው ማስላት አያውቅም” የሚል አስተያየት ሳነብ የሚከነክነኝ ለዚህ ነው። ስሌቱ ትክክል ነው። የጎደለው ሌሎቹ ሚሊዮኖች በዚያው ዕለት ምን እንደወሰኑ የሚያይበት መስኮት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ መኖ ነው። አሳማ ለማርባት ከሚወጣው ወጪ 60 በመቶውና ከዚያም በላይ የሚሄደው ለመኖ ነው። አንድ አሳማ 1 ኪሎ ለመጨመር ከ2.5 እስከ 3 ኪሎ መኖ ይበላል። መኖው በዋናነት በቆሎና የአኩሪ አተር ፋጉሎ ነው። በቆሎውን ቻይና በአብዛኛው እዚያው ታበቅላለች። አኩሪ አተሩን ግን ከ80 በመቶ በላይ ከውጭ ነው የምታስገባው፤ በ2024 ብቻ 105 ሚሊዮን ቶን ያህል አስገብታለች፤ አብዛኛው ከብራዚል ነው። ስለዚህ “የአገር ውስጥ ምርት” የሚባለው አሳማ ሆዱ ውስጥ ያለው የብራዚል ማሳ ነው። ብራዚል ላይ ዝናብ ሲጠፋ፣ ወይም ቤጂንግና ዋሽንግተን በታሪፍ ሲጣሉ፣ የሄናኑ ገበሬ የመኖ ከረጢት ዋጋ ይለወጣል።

ገበሬው ቀላል መለኪያ አለው። 1 ኪሎ የቁም አሳማ ሽጬ ስንት ኪሎ በቆሎ እገዛለሁ? ለረጅም ዓመታት 6 የትርፍና የኪሳራ ድንበር ተደርጎ ሲታይ ኖሯል። ከ6 በላይ ከሆነ ማደለቡ ያዋጣል፤ ከ6 በታች ከሆነ አሳማው ባለቤቱን እየበላ ነው። መንግሥትም ይህንኑ ቁጥር ይከታተላል።

እስካሁን ያወራነው ሰላም በሆነበት ዘመን ስላለው ዑደት ነው። በኦገስት 2018 ግን በሰሜን ምሥራቅ ቻይና ሼንያንግ ከተማ የአፍሪካ የአሳማ ወረርሽኝ ተገኘ።

የበሽታው መነሻ የእኛው ቀጠና ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይንስ የተመዘገበው በ1921 ኬንያ ውስጥ ነበር። ቫይረሱ ከርከሮና መዥገር ላይ ይኖራል፤ ከርከሮውን አያሳምመውም። ሰፋሪዎች ከአውሮፓ ያመጧቸው አሳማዎች ግን እንደ ቅጠል ረገፉ። በ2007 ጆርጂያ ገባ፤ ከዚያ ሩሲያ፤ ከዚያ ቻይና። ሰውን አይዝም። አሳማ ላይ ግን እጅግ ገዳይ ነው፤ በረዶ በሆነ ሥጋና በደረቀ ቋንጣ ውስጥም ለወራት ይቆያል።

ኢኮኖሚው በሽታውን እንዴት እንዳሰራጨው ማየት ያስፈልጋል። ትንሹ አርቢ መኖ ሲወደድበት ከምግብ ቤት የተረፈ ምግብ ሰብስቦ ይቀልባል። ትራፊው ውስጥ የታመመ አሳማ ሥጋ ካለ በሽታው ወደ ጉረኖው ገባ ማለት ነው። ሌላም አለ። አሳማ በብዛት የሚረባው አንድ ቦታ፣ በብዛት የሚበላው ሌላ ቦታ ስለሆነ የቁም አሳማ የጫኑ መኪኖች አገሪቱን ያቋርጣሉ። ቫይረሱ ከጎማና ከወለላቸው ጋር ተጓዘ። መንግሥት የቁም ጉዞውን ሲያግድ ደግሞ ገበያው ለሁለት ተከፈለ፤ ሰሜን ላይ አሳማ መውጫ አጥቶ ዋጋው ወረደ፣ ደቡብ ላይ ሥጋ ጠፍቶ ዋጋው ወጣ። በሽታ ለተገኘባቸውና ለሚወገዱት አሳማዎች መንግሥት በአንድ ራስ 1,200 ዩዋን ካሳ ወስኖ ነበር። ከወጪው የሚካፈሉት ግን የአካባቢ አስተዳደሮች ናቸው፤ ካዝናቸው ባዶ የሆነም ነበሩ። ካሳው መቼ እጁ እንደሚገባ ያላወቀ ገበሬ አሳማው ማሳል ሲጀምር ምን ያደርጋል? ሳይሞትበት ለመሸጥ ይሮጣል። እኔ በዚህ ልፈርድበት አልችልም።

እስከ ኤፕሪል 2019 ድረስ ወረርሽኙ በዋናው ምድር ያሉትን ሁሉንም ክፍለ ሀገሮች አዳረሰ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር የአሳማው ቁጥር ከዓመት በፊት ከነበረው በ41 በመቶ አንሶ ነበር። ከሁለት አሳማ አንዱ ሊባል ምንም ያልቀረው ማለት ነው። ሥጋው በ2018 ከነበረበት 54 ሚሊዮን ቶን በ2020 ወደ 41 ሚሊዮን ወረደ። በኖቬምበር 2019 የአሳማ ሥጋ ዋጋ በዓመት ውስጥ 110 በመቶ ጨመረ። የአገሪቱ የዋጋ ግሽበት 4.5 በመቶ ደርሶ ነበር፤ ከዚህ ውስጥ ከግማሽ በላዩን ያመጣው የአሳማ ሥጋ ብቻውን ነው።

“ታዲያ ከውጭ አይገዙም?” ትሉ ይሆናል። ገዙ። በ2020 ከ4.3 ሚሊዮን ቶን በላይ አስገቡ፤ ከስፔን፣ ከአሜሪካ፣ ከብራዚል፣ ከዴንማርክ። ግን የጎደለው 13 ሚሊዮን ቶን ነው። ወረርሽኙ ከመግባቱ በፊት በዓለም ላይ ድንበር ተሻግሮ የሚነገደው የአሳማ ሥጋ በሙሉ በዓመት 10 ሚሊዮን ቶን አይሞላም ነበር። የሌላውን አገር መርከብ ሁሉ ጠልፈህ ብታመጣ እንኳ ጉድጓዱ አይደፈንም። እንዲህ ግዙፍ የሆነ በላተኛ ያለው አገር የራሱን ጉረኖ ከማዳን ሌላ ምርጫ የለውም።

የመጠባበቂያ ክምችትስ? ቻይና ለክፉ ቀን የምታስቀምጠው የበረዶ ሥጋ አላት። በሴፕቴምበር 2019፣ ከብሔራዊ በዓሉ በፊት፣ 10,000 ቶን አውጥታ በጨረታ ሸጠች። ቁጥሩ ትልቅ ይመስላል። ሒሳቡን ሥሩት። በዓመት 54 ሚሊዮን ቶን የሚበላ አገር በቀን 148,000 ቶን ይበላል። 10,000 ቶን ለሁለት ሰዓት እንኳ አይበቃም። ክምችቱ ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም፤ ዋናው ሥራው ሥጋ እየደበቁ ዋጋ የሚጠብቁትን ነጋዴዎች “መንግሥት እጁ ላይ አለ” ብሎ ማስፈራት ነው። ሆድ ግን አይሞላም።

ከዚያ ገንዘብ መጣ። አንድ ኪሎ የቁም አሳማ 40 ዩዋን አካባቢ በደረሰበት ሰሞን ከአሳማ ጋር ምንም ያልተዋወቁ ኩባንያዎች ወደ እርባታ ገቡ። የቤት ሠሪዎች ገቡ። ኧዦ በምትባል ከተማ አንድ ሲሚንቶ አምራች ባለ 26 ፎቅ የአሳማ ሕንፃ አቆመ። እናት አሳማ ከመጥፋቷ የተነሳ ለሥጋ ብቻ የተዳቀሉ ሴቶችን ለእናትነት አስቀሩ፤ የሚወልዱት ቁጥር አነስተኛ ቢሆንም ከባዶ ጉረኖ ይሻላል ተባለ። ቀድሞ በዘርፉ የነበሩትም ተመነጠቁ። ሄናን ውስጥ ያለው ሙዩዋን ሥራውን የጀመረው በ1992 በ22 አሳማ ነበር። በ2023 በዓመት ከ60 ሚሊዮን በላይ አሳማ ይሸጥ ነበር።

መንግሥትም ትልልቆቹን አበረታታ፤ መሬት ፈቀደ፣ ብድር አመቻቸ። ምክንያት አለው። በር ላይ መኪና የሚያጥብ፣ ሠራተኛውን ልብስ የሚያስቀይር ድርጅት ቫይረሱን ይቋቋማል። ትንሹ ገበሬ ይህን ለማድረግ አቅም የለውም። ከወረርሽኙ በፊት በነበሩት ዓመታትም የወንዝ ብክለትን ለመቀነስ ተብሎ ብዙ ትንንሽ ጉረኖዎች እንዲዘጉ ተደርጎ ነበር። በዓመት 500 እና ከዚያ በላይ አሳማ የሚሸጡ እርባታዎች ድርሻ በ2018 ግማሽ ገደማ ነበር፤ በ2023 ከ68 በመቶ በላይ ሆነ። በአምስት ዓመት ውስጥ ይህን ያህል የገጠር ኑሮ መገልበጥ ቀላል ነገር አይደለም።

“ትልልቆቹ ሲገቡ ዑደቱ ይቆማል” ተብሎ ነበር። አልቆመም። በ2021 መጸው የቁም አሳማ ኪሎው ወደ 11 ዩዋን ወረደ፤ በ2022 መጸው ወደ 28 ወጣ፤ በ2023 እንደገና ወደ 14 እና 15 ተመለሰ። ይልቁንም ውድቀቱ መርዘም ጀመረ። ምክንያቱ ይገርማል። ትንሹ ገበሬ ሲከስር እናቶቹን ሽጦ ከተማ ሄዶ የቀን ሥራ ይፈልጋል፤ ገበያውም ቶሎ ይቀላል። ባለ 26 ፎቅ ሕንፃ ግን ምን ይደረግበታል? ሌላ ነገር አይሆንም። ብድሩ ወለድ ይቆጥራል። ኩባንያው ያለው አማራጭ ማምረቱን ቀጥሎ ሌላው ቀድሞ እስኪወድቅ መጠበቅ ነው። ሁሉም ሌላውን ይጠብቃል። እናቶቹን የሚቀንስ አይገኝም። ሙዩዋን ራሱ በ2023 አክሲዮን ገበያ ከገባ ወዲህ የመጀመሪያውን ዓመታዊ ኪሳራ አስመዘገበ። ዠንግባንግ የተባለው ሌላ ግዙፍ ኩባንያ ደግሞ ዕዳው አንቆት በ2023 በፍርድ ቤት መልሶ ማዋቀር ውስጥ አለፈ።

አሁን መንግሥት ዋጋውን ከማየት ይልቅ እናቶቹን ወደ መቁጠር ዞሯል። እኔ ይህ ትክክለኛው ቦታ ነው እላለሁ፤ የዛሬ እናት የመጪው ዓመት ሥጋ ናትና። በ2021 መደበኛው የእናት አሳማ ቁጥር 41 ሚሊዮን ይሁን ተባለ። በ2024 ወደ 39 ሚሊዮን ዝቅ ተደረገ። የቀነሱት ፍላጎቱ እንደ ድሮ ስላልሆነና አንዷ እናት ከበፊቱ የበለጠ ስለምትወልድ ነው። በ2024 ጁን ቤጂንግ የአውሮፓ ኅብረትን የአሳማ ሥጋ “ከዋጋው በታች እየተራገፈ ነው” ብላ መመርመር ጀመረች። ነገሩ ኅብረቱ በቻይና የኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ በሚጥለው ታሪፍ ከተነሳው ክርክር ጋር ተያይዞ የመጣ ቢሆንም፣ የራሷ ጉረኖ በሞላበት ሰዓት መሆኑ አያስገርምም።

በጃንዋሪ 2021 ዳሊያን ከተማ ባለው የምርት ገበያ የአሳማ የወደፊት ግብይት ተከፍቷል። አርቢው ከወራት በኋላ የሚያደርሰውን አሳማ ዛሬ ዋጋ ቆርጦ ሊሸጥበት ይችላል። የጎደለው መስኮት ተከፈተ ማለት ነው፤ ለማን የሚለው ግን ሌላ ነው። አንድ ውል 16 ቶን ነው። አንዱን አሳማ 120 ኪሎ ብንለው 130 ከምናምን አሳማ ይሆናል። የእኛ የሄናን ገበሬ 10 እናቶቹ ዓመቱን ሙሉ በየተራ ሲወልዱ ያን ያህል የደለበ አሳማ ባንድ ጊዜ ኖሮት አያውቅም።

ስለዚህ ብዙ እንደሱ ያሉ ገበሬዎች ሌላ መንገድ ያዙ። ጓንዶንግ ውስጥ ያለው ዌንስ የሚባል ኩባንያ ለዓመታት የሠራበት መንገድ ነው። ኩባንያው ግልገሉን ያመጣል፣ መኖውን ያመጣል፣ መድኃኒቱን ያመጣል። ገበሬው ጉረኖውንና ጉልበቱን ያቀርባል። አሳማው ሲደልብ ኩባንያው ይወስደውና ለገበሬው በውሉ መሠረት የማደለቢያ ክፍያ ይሰጠዋል። ዋጋ ሲወድቅ ገበሬው እንደ ድሮው አይራቆትም። ዋጋ ሲሰቀልም ትርፉ ወደ እሱ አይመጣም። ጠዋት ተነስቶ መኖ ያፈሳል፣ ወለሉን ያጥባል፣ ከሲታ የሆነ ካለ ይለያል። ደላላው አይደውልለትም። ጉረኖው ያው ከቤቱ ጀርባ ነው፤ እናት አሳማ ግን የለበትም።